ኤራቶስቴኔስ፦ ምድርን በአንድ ማባዛት የለካው ሰው



ባለፈው ቅዳሜ በክፍላችን ምን እንደሆነ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ላልነበራችሁት ልንገራችሁ። ለበዓል ዝግጅታችን ስንት ሳምቡሳ እንደሚኖረን እያሰላን ነበር። 32 ቤተሰብ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ 18 ሳምቡሳ ጠብሶ ቢያመጣ በጠቅላላው ስንት ይሆናል? ከመካከላችሁ አንዱ ልጅ ፈጠን ብሎ የስልኩን ካልኩሌተር ነካ ነካ አደረገና 5,760 ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ ልጅ ያን ሁሉ ሳምቡሳ የት ልናስቀምጠው ነው ስትል ሁሉም ሳቀ። ልጁ በ18 ፈንታ 180 ነክቶ ኖሯል። አፈረና አንገቱን ደፋ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ለምን መሰላችሁ? እኔም ተመሳሳይ ስህተት ሠርቼ ስለማውቅ ነው። እንደምታውቁት ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ለመሥሪያ ቤቱ 24 ካርቶን ወረቀት እያንዳንዱን በ35 ዶላር ለመግዛት ስንት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ እንዳሰላ ተሰጠኝ። 840 ዶላር ማለት ሲገባኝ 8,400 ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አንዴ አየት አድርገው ወዲያው መለሱልኝ። ካልኩሌተር አልነኩም፣ እርሳስም አላነሱም። 24ን ወደ 20፣ 35ን ወደ 40 አጠጋጉ፤ ሃያ አርባ 800 ነው። ታዲያ 8,400 ከየት መጣ? በቃ፣ አለቀ። የዚያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ግን ትልቅ ነገር ተማርኩበት፦ መልሱን ከማስላታችን በፊት መልሱ ስንት ያህል እንደሚሆን መገመት አለብን። ያለዚያ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሆንብናል።

ለዚያ ልጅ አንድ ታሪክ እጽፍለታለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይኸውላችሁ። ከ2,200 ዓመት በፊት የኖረ፣ ካልኩሌተርም ሳተላይትም አውሮፕላንም ሳይኖረው የምድርን ዙሪያ ስንት ያህል እንደሆነ የገመተ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ኤራቶስቴኔስ ይባላል። ስሙ ትንሽ ያስቸግራል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ኤ-ራ-ቶስ-ቴ-ኔስ።

ከቀሬና ወደ እስክንድርያ

ኤራቶስቴኔስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ276 ዓመት ገደማ ነው። የተወለደባት ከተማ ቀሬና ትባላለች። ቀሬና የነበረችው በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ ሊቢያ በምንለው አገር ነው። የቀሬናው ስምዖን ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ያችው ከተማ ናት። ከተማዋን የቆረቆሯት ከግሪክ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች ናቸው። ኤራቶስቴኔስ ሲወለድ እነዚያ ሰዎች ከመጡ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ነገር ግን የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ቋንቋ አልረሱም። በአፍሪካ ምድር ተወልደው በግሪክኛ ይናገሩ፣ ያነቡና ይጽፉ ነበር። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፍ መነሣት ሲያስቸግራችሁ አስታውሷት!

ወጣት ሲሆን ለትምህርት ወደ አቴና ሄደ። አቴና በዚያ ዘመን የታወቁ መምህራን የነበሩባት ከተማ ናት። እዚያ ብዙ ዓመት ተማረ። ፍልስፍና ተማረ፣ ግጥም ጻፈ፣ ሒሳብ ሠራ፣ ስለ ከዋክብት አጠና። በዚህ ሁኔታ ስሙ እየታወቀ መጣ።

ዕድሜው ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆን የግብፅ ንጉሥ ሦስተኛው በጥሊሞስ አስጠራው። የንጉሡ ከተማ እስክንድርያ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለች ትልቅ የወደብ ከተማ ነበረች። በከተማዋ በዚያ ዘመን ከነበሩት ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የበለጠ ዝነኛ የሆነ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ያን ጊዜ መጽሐፍ እንደ ዛሬው ገጽ የሚገለጥ አልነበረም፤ ከፓፒረስ ተክል በተሠራ ወረቀት ላይ ተጽፎ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ነበር። ኤራቶስቴኔስ የዚህ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። የንጉሡንም ልጅ ያስተምር ነበር። ቀሪ ሕይወቱን እዚያው እስክንድርያ አሳለፈ።

ሁለተኛው

ልጆች፣ በትምህርት ቤት የቅጽል ስም ያልወጣለት አለ? ለኤራቶስቴኔስም አውጥተውለት ነበር። ቤታ ይሉት ነበር። ቤታ የግሪክ ፊደል ሁለተኛዋ ፊደል ናት። ግሪኮች ፊደሎቻቸውን እንደ ቁጥርም ስለሚጠቀሙባቸው ቤታ ማለት ሁለት ማለትም ነው። ምን ለማለት መሰላችሁ? በሁሉም ነገር ሁለተኛ እንጂ በአንዱም አንደኛ አይደለም ለማለት ነው። በሒሳብ ከእሱ የሚበልጥ አለ፤ በግጥም የሚበልጠው አለ፤ በፍልስፍናም የሚበልጠው አለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና አንድ የሚገርም ነገር ላሳያችሁ። የግዕዝ ቁጥሮቻችንን ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬... እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ከግሪክ ፊደላት ነው። የእኛ ፪ የመጣችው ከዚያችው ከቤታ ነው። ስለዚህ በግዕዝ ፪ን በጻፋችሁ ቁጥር የኤራቶስቴኔስን የቅጽል ስም እየጻፋችሁ ነው ማለት ይቻላል።

ሰዎቹ የሚያሾፉበት ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ነገር ማወቁ ነው ሌላው ያልሠራውን እንዲሠራ የረዳው። ኮከብ የሚያጠናው ሰው ስለ ጥላና ስለ ፀሐይ ያውቃል። ካርታ የሚሠራው ሰው ከከተማ እስከ ከተማ ያለውን ርቀት ያውቃል። ሒሳብ የሚሠራው ሰው ማባዛት ያውቃል። ኤራቶስቴኔስ ግን ሦስቱንም በአንድ ራስ ይዞ ነበር። በዘመኑ በሒሳብ አንደኛ የነበረው አርኪሜደስ እንኳ የሚያከብረው ወዳጁ ነበር፤ በሲሲሊ ደሴት ካለችው ከተማው ከሲራኩስ ሆኖ የሒሳብ ሥራዎቹን እየጻፈ ይልክለት ነበር።

ከሥራዎቹ አንዱን ትልልቆቹ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ሰምታችሁት ይሆናል። የኤራቶስቴኔስ ወንፊት ይባላል። እናቶቻችን ዱቄት በወንፊት እንደሚነፉ ሁሉ፣ እሱም ቁጥሮችን ነፋ። ከ2 ጀምሮ ቁጥሮችን በተርታ ትጽፋላችሁ። ከዚያ 2ን ትታችሁ የ2 ብዜቶችን ሁሉ ትሰርዛላችሁ፤ 3ን ትታችሁ የ3 ብዜቶችን ትሰርዛላችሁ፤ እንዲህ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ወንፊቱ ላይ የሚቀሩት ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉ ቁጥሮች ናቸው። ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ።

ስለ ምድርም ሦስት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጽፏል። ጂኦግራፊ የሚለውን ቃል የመጣው ከእሱ ነው ይባላል። በዚህ ሥራው ስለ አባይ ወንዝም ጽፏል። ወደ አባይ ከሚገቡት ወንዞች አንዱን አስታቦራስ ይለዋል። ይህ ዛሬ አትባራ የምንለው ወንዝ ነው፤ ወደ ላይ ወደ አገራችን ስንከተለው ደግሞ ተከዜ ይገባበታል። ኤራቶስቴኔስ እስክንድርያ ተቀምጦ ስለ ተከዜ ውኃ ወሬ ደርሶት ነበር ማለት ነው።

ጉድጓዱና ጥላው

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ።

ከእስክንድርያ ወደ ደቡብ፣ አባይን ሽቅብ ተከትሎ ብዙ ቀን ከተጓዙ በኋላ ሲየኔ የምትባል ከተማ ነበረች። ዛሬ አስዋን ትባላለች። በዚህች ከተማ በዓመት አንድ ቀን አንድ ልዩ ነገር ይሆናል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ገደማ፣ በፈረንጆቹ ጁን 21 አካባቢ ነው። ልክ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች። የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። የጥልቅ ጉድጓድ ውኃ እንኳ እስከ ታች ድረስ ፀሐይ ያርፍበት ነበር ተብሎ ይተረካል።

እዚህ ላይ አገር ቤት ያደጉት ወላጆቻችሁ ይህ ምን ይገርማል ሊሉ ይችላሉ። በአዲስ አበባ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች። እኛ አሁን በምንኖርበት አገር ግን በፍጹም አይታይም። በበጋ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ወጥታችሁ ብትቆሙ ትንሽ ጥላ አትጠፋም።

በእስክንድርያም እንደዚሁ ነበር። ኤራቶስቴኔስ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በእስክንድርያ የቆመ ዘንግ ጥላ እንዳለው አየ። ጥላው ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ጠየቀ። ፀሐይ አንድ ናት፤ በሲየኔ ጥላ የለም፤ በእስክንድርያ አለ። ለምን?

መልሱ ምድር ክብ ስለሆነች ነው። ምድር ክብ መሆኗን የግሪክ ሊቃውንት ከእሱ በፊት ያውቁ ነበር። ፀሐይ በጣም ሩቅ ስለሆነች ብርሃኗ ወደ ሁለቱም ከተሞች የሚመጣው ጎን ለጎን በቀጥታ ነው። ምድር እንደ ምጣድ ዝርግ ብትሆን ኖሮ ሁለቱ ዘንጎች እኩል ጥላ ይኖራቸው ነበር። ክብ ከሆነች ግን አንዱ ዘንግ ወደ ፀሐይ ቀጥ ሲል ሌላው ዘንበል ይላል። ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። አንድ ብርቱካን ውሰዱና ሁለት የጥርስ መፋቂያ ስንጥር ራቅ ራቅ አድርጋችሁ ሰኩበት። ከዚያ ብርቱካኑን ፀሐይ ላይ ይዛችሁ አንደኛው ስንጥር ጥላ እስኪያጣ ድረስ አዙሩት። ሁለተኛው ጥላ ይኖረዋል። አይታችሁ ለወላጆቻችሁ አሳዩአቸው።

ኤራቶስቴኔስ የእስክንድርያው ጥላ ምን ያህል ዘንበል እንዳለ ለካ። መጠኑ የሙሉ ክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ። ዛሬ በዲግሪ ብንናገር 360 ለ50 ሲካፈል 7.2 ዲግሪ ማለት ነው።

ድፎ ዳቦው

አሁን ድፎ ዳቦ አስቡ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ለበዓል የጋገሩት ትልቅ ክብ ድፎ ዳቦ። ከመሐል ጀምራችሁ እኩል 50 ቦታ ቆረጣችሁት እንበል። እያንዳንዱ ቁራሽ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ግን የዳቦው ቅርፊት አለ። የአንዱን ቁራሽ ቅርፊት ርዝመት ካወቃችሁ የዳቦውን ሙሉ ዙሪያ ለማወቅ ምን ታደርጋላችሁ? በ50 ታባዛላችሁ! ዳቦውን በሙሉ መዞር አያስፈልጋችሁም።

የኤራቶስቴኔስ ድፎ ዳቦ ምድር ናት። የአንዱ ቁራሽ ቅርፊት ደግሞ ከእስክንድርያ እስከ ሲየኔ ያለው መንገድ ነው። ይህ መንገድ ስንት ያህል ነው? በዚያ ዘመን ርቀትን የሚለኩት ስታዲዮን በሚባል መለኪያ ነበር፤ አንድ ስታዲዮን የአንድ ሩጫ ሜዳ ርዝመት ነው። ስታዲየም የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። እርምጃቸውን እኩል አድርገው እየቆጠሩ ረጅም መንገድ የሚለኩ ሰዎችም ነበሩ። በግብፅ ደግሞ መሬት መለካት የቆየ ሙያ ነው። በየዓመቱ የአባይ ሙላት የእርሻውን ድንበር ስለሚያጠፋው እንደገና መለካት ነበረበትና። ያ ሙላት የሚመጣው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች ክረምት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀትም 5,000 ስታዲዮን ተብሎ ተያዘ።

እስቲ ቁጥሩን ተመልከቱት። 5,000! በትክክል 5,000? አንድም የማይጨምር፣ አንድም የማይቀንስ? አይመስልም። ይህ የተጠጋጋ ቁጥር ነው። ጥላውም እንደዚሁ፤ አንድ ሃምሳኛ ለማባዛት የሚመች ቁጥር ነው። ከዚያ አባዛ፦

50 × 5,000 = 250,000

የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲዮን ሆነ። በቃ ይኸው ነው። አንድ ማባዛት።

በግዕዝ ቁጥር ስንጽፈው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ፶ ጊዜ ፶፻ እኩል ይሆናል ፳፭፼። ግሪኮችም እንደ ግዕዝ ቁጥራችን ዜሮ አልነበራቸውም። እኛ 5ን በ5 አባዝተን 25 ካልን በኋላ አራቱን ዜሮዎች ከኋላ እንደረድራለን። እነሱ ግን እንዲህ ዓይነት አቋራጭ አልነበራቸውም። እንዲያም ሆኖ ቁጥሮቹ የተጠጋጉ ስለሆኑ ማባዛቱ አላስቸገረም።

በኋላ ላይ ቁጥሩ 252,000 ተብሎ ትንሽ ከፍ ተደርጓል። ይህኛው ለ60 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ለሌላ ስሌት ይመቻል። እስቲ ራሳችሁ አካፍሉት።

ስህተት አልነበረውም?

ነበረው እንጂ! አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ አስዋን ከእስክንድርያ በቀጥታ ወደ ደቡብ አይደለችም፤ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ትላለች። ሁለተኛ፣ ፀሐይ በዚያ ቀን ልክ አናት ላይ የምትሆንበት መስመር በሲየኔ አጠገብ ያልፋል እንጂ ልክ በላይዋ አያልፍም። ሦስተኛ፣ የመንገዱ ርቀት የተጠጋጋ ነው። ይህ ሁሉ ስህተት እያለ መልሱ ምን ያህል ቀረበ? ይህን ለማወቅ የእሱ ስታዲዮን በሜትር ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ሊቃውንት አልተስማሙም። አንድ ስታዲዮን 157 ሜትር ገደማ ነው የሚሉት ትክክል ከሆኑ መልሱ 39,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 185 ሜትር ነው የሚሉት ትክክል ከሆኑ ደግሞ 46,000 ገደማ ነው። ዛሬ በመሣሪያ የተለካው፣ በሁለቱ ዋልታዎች በኩል ያለው የምድር ዙሪያ 40,008 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ቢበዛ የተሳሳተው ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ዜሮ አልጨመረም፤ ዜሮ አልቀነሰም። ሳምቡሳውን ከ576 ወደ 5,760 አላደረሰውም ማለት ነው።

አሁን እኛ ራሳችን እንሞክረው። ከእስክንድርያ እስከ አስዋን በአየር መስመር 840 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ቅርቡ መቶ ስናጠጋጋው 800 ይሆናል። 800 × 50 ስንት ነው? 8 በ5 አርባ፤ ከኋላ ሦስት ዜሮ፤ 40,000! እውነተኛው 40,008 ነው። አጨብጭቡ!

ግን ቆይ፣ ጭብጨባው ይቆየን። ሳናጠጋጋ በ840 ብናባዛ 42,000 ይመጣል። ታዲያ ስናጠጋጋ እንዴት የበለጠ ቀረብን? አስዋን ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ስለምትል 840 ከሚገባው በላይ ረጅም ነው። እኛ ደግሞ ስናጠጋጋ ወደ ታች ወሰድነው። አንዱ ስህተት ሌላውን አጣፋው። አንዳንዴ እንዲህ ዕድል ይረዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በዕድሉ ላይ መተማመን አይገባም። የሚያስተማምነው መልሱ 40,000 አካባቢ እንጂ 4,000 ወይም 400,000 አለመሆኑን ማወቃችን ነው።

ሁለት ዓይነት ግምት

በአማርኛ ግምት የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። አንደኛው በደፈናው መገመት ነው። በማሰሮ ውስጥ ስንት ባቄላ አለ ሲባል አይታችሁ ሳታስቡ አንድ ቁጥር መጥራት። ሁለተኛው አስልቶ መገመት ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። በደፈናው የገመተ ሰው እንዴት አወቅህ ቢባል የሚያሳየው መንገድ የለውም። አስልቶ የገመተ ግን ይኸው፣ ይህን አጠጋጋሁ፣ በዚህ አባዛሁ ብሎ ያሳያል። ከተሳሳተም የት ላይ እንደተሳሳተ ማየት ይቻላል።

ከኤራቶስቴኔስ በፊት ታላቁ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ የምድር ዙሪያ 400,000 ስታዲዮን ነው የሚሉ የሒሳብ ሰዎች እንዳሉ ጽፎ ነበር። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ግን አልጻፈም። ስለዚህ ማንም ሊያርመው አይችልም። ኤራቶስቴኔስ መንገዱን አሳየ። ምድርን ስለመለካት የጻፈው መጽሐፍ ራሱ ጠፍቷል። ዘዴው ግን በጣም ቀላል ስለነበረ ሌሎች ጸሐፍት በየመጽሐፎቻቸው አስተላልፈውት እስከ እኛ ደረሰ። አሁን ደግሞ እናንተ ጋ ደረሰ።

ግምት በደንብ ካልተያዘ ሕይወትም ያስከፍላል። በ1492 እ.ኤ.አ. ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ከስፔን ወደ ምዕራብ በመርከብ ተነሣ። እስያ የምደርስ ነው ብሎ ነበር። ምድርን ከእውነተኛ መጠኗ በጣም አሳንሶ ነበር የገመታት። ከካናሪ ደሴቶች እስከ ጃፓን ያለው መንገድ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን የእሱ ግምት የዚህን ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር። የስፔን ሊቃውንት መንገዱ ይረዝማል ብለው ተቃውመውት ነበር፤ ስለ ርቀቱ እውነታቸውን ነበር። በመካከል ማንም ያላሰበው አሜሪካ ባይኖር ኖሮ ስንቅና ውኃው አልቆ መርከበኞቹ ሁሉ ባሕር ላይ በቀሩ ነበር። ኮሎምበስን ያዳነው ሒሳቡ ሳይሆን ዕድሉ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ኤራቶስቴኔስ ብዙ ዓመት ኖረ። ሲያረጅ ግን ዓይኑ ታወረ። ለሌላ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በመጻሕፍት መካከል ለኖረ ሰው ደግሞ ይብሳል። ማንበብ ስላልቻለ፣ ከዋክብቱንም ማየት ስላልቻለ እጅግ አዝኖ እንደነበር ይነገራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ194 ዓመት ገደማ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ በእስክንድርያ ሞተ።

ሁለተኛው ብለው ሲቀልዱበት የነበሩትን ሰዎች ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። የእሱ ስም ግን በጨረቃ ላይ ላለ ትልቅ ጉድጓድ ተሰጥቷል።

እኛስ እንዴት እንገምት?

አስቸጋሪ አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ነው።

1. ሁለቱንም ቁጥሮች አጠጋጉ። 32 ወደ 30፤ 18 ወደ 20።

2. የፊት ቁጥሮቹን አባዙና ዜሮዎቹን ቁጠሩ። 3 በ2 ስድስት፤ ዜሮዎቹ ሁለት፤ 600።

3. ከዚህ በኋላ በትክክል አስሉ፤ በወረቀትም ሆነ በካልኩሌተር። ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ። 576 ለ600 ቅርብ ነው፤ ጥሩ። 5,760 ግን ሩቅ ነው፤ ስለዚህ እንደገና ማስላት አለባችሁ።

አንድ ምስጢር ልጨምርላችሁ። ሁለቱንም ቁጥሮች ወደ ላይ ካጠጋጋችሁ ግምታችሁ ከትክክለኛው ይበልጣል። ሁለቱንም ወደ ታች ከወሰዳችሁ ያንሳል። አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ በጣም ትቀርባላችሁ። የሳምቡሳው ሒሳብ እንዲህ ነበር።

ለዚያ ልጅ ደግሞ እንዲህ እለዋለሁ፦ መሳሳትህ አያሳፍርም። ካልኩሌተሩ የነገሩትን ብቻ ነው የሚሠራው፤ 180 ካልከው በ180 ያባዛልሃል። ሰው ግን ይህ ቁጥር እውነት ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ይችላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳው ጋ አንደኛ የምጠራው አንተን ነው፤ ተዘጋጅተህ ና!

የቤት ሥራ

መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ በትክክል አስሉ።

ሀ. 48 × 21

ለ. 19 × 31

ሐ. 39 × 52

መ. አንዲት ተማሪ 62 × 29 = 17,980 ብላ ጻፈች። ሳታሰሉ፣ በግምት ብቻ፣ ትክክል መሆኗንና አለመሆኗን ተናገሩ። እንዴት እንዳወቃችሁም አስረዱ።

ሠ. እንደ ጥንቱ ሰዎች በእርምጃ ለኩ። ከቤታችሁ በር እስከ መንገዱ ስንት እርምጃ ነው? አንዱ እርምጃችሁ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? አጠጋግታችሁ አባዙ።

የቃላት መፍቻ

ግምት፦ በትክክል ሳይሰላ ወይም ሳይለካ ስንት ያህል እንደሚሆን የተነገረ ቁጥር።

ማጠጋጋት፦ ቁጥርን ወደ ቅርቡ ዐሥር፣ መቶ ወይም ሺህ መውሰድ።

ብዜት፦ አንድ ቁጥር በሌላ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር።

ዙሪያ፦ የክብ ነገር የዳር ርዝመት።

ቆረቆረ፦ ከተማ መሠረተ።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ገበያ ስትሄዱ ልጆቹን ይዛችኋቸው ሂዱ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ስንት እንደሚመጣ በአማርኛ ያስገምቷቸው። የአማርኛ ቁጥርም የሒሳብም ትምህርት ይሆናል።

መልሱን ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ደህና ሰንብቱ ልጆች!